በምሥራቁ መስኮት የታየው ብርሃን

ሚስተር አርቪድ ሶደርበርግ የሞቱት በሚኖሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ጓሮ፣ ዊልቸራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሰማዩን እያዩ ነበር። ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነው። ዕለቱ የጥር ወር ማክሰኞ ሲሆን ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባለው ከተማ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቅ ነበር። የማታ ተረኛው ኤጀታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲያገኛቸው ቅንድባቸው አመዳይ ለብሷል፤ አፋቸውም አንድ ቃል ሊናገር እንደጀመረ ተከፍቶ ቀርቷል።

ከካውንቲው አስተዳደር የአስከሬን ምርመራ ቢሮ የተላከችው ማዕዶት ናት። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት። አዲስ አበባ ሳለች ነርስ ነበረች፤ እዚህ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ሰው እንዴት እንደሞተ ማጣራት ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ። «ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወጡ፤ ተረኛው አላያቸውም። የሚጠየቀው እሱ ነው።»

ማዕዶት ቁጢጥ ብላ ዊልቸሩን በባትሪ ትመረምር ነበር። ሁለቱም ጎማዎች በፍሬን ተይዘዋል። ብርድ ልብሱ ሕፃን እንደሚታቀፍበት ጨርቅ በሟቹ እግር ዙሪያ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ከጭናቸው ሥር ተወትፏል።

«ቀኝ እጃቸው ይሠራ ነበር?» ስትል ኤጀታን ጠየቀችው።

«አይ፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አይታዘዝላቸውም።» ረጅሙ ሰውዬ ጃኬት ሳይደርብ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲያው የቀኙን ፍሬን የያዘው ሌላ ሰው ነው።»

ቀና ስትል ከበላይዋ ባለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ የላስቲክ ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ማዕዶት ክሩን በጥንቃቄ ፈትታ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ባለቤት የትምወርቅ ቢሮዋ ውስጥ ተቀበለቻት። ዓይኖቿ በእንቅልፍ ማጣት ደም መስለዋል።

«እህት ማዕዶት፣ እኔ የማምነው ጌታን ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ እስቅ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፤ በሚስተር አርቪድ መስኮት በኩል፣ ልክ ሲመሽ፣ ብርሃን ይመጣል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነጭ ነው። ዝም ብሎ ይቆማል፣ ከዛ ቀስ እያለ ይወርዳል። ድምፅ የለውም። እሳቸው ሲያዩት እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ።»

«ምን ይሉ ነበር?»

«‹መጣ› ብቻ። ስም አውጥተውለት አያውቁም። እዚህ ያለን ሁላችንም ጸለይን፤ አልሄደም።»

«የጓሮው በር ሲከፈት የሚጮኸው ደወል ይሠራል?»

«አሳምሮ» አለች የትምወርቅ። በጣም ፈጥና ነው የመለሰችው።

ኤጀታ ቀን ቀን ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ ሻንጣ ሲጭን ይውልና ማታ ወደዚህ ይመጣል። ማዕዶት ፊት ሲቀመጥ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

«ሚስተር አርቪድ ወጣት ሳሉ የአየር ኃይል መኮንን ነበሩ» አለ። «ሰማይ ላይ ያልታወቀ ነገር አየን የሚሉ ሰዎችን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። ያን ጊዜ በራሪ ሳህን ይሉት የነበረውን። ስለ ብርሃኑ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ቅዠት መስሎኝ ነበር። በኋላ እኔም አየሁት። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ሊወስዳቸው የመጣ መሰለኝ።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ‹ተኝተዋል› ብለህ ፈርመሃል። አይተሃቸው ነው?»

ኤጀታ ወለሉን አየ።

«ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይተኛሉ። ስገባ አንዲት ሌላ አዛውንት ሻወር ቤት ወድቀው ነበር፤ እሳቸውን ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሐኪም ጋ ስደውል... አላየኋቸውም። የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ አይደል? ሁለት ልጆች አሉኝ።»

የቀኗ ተረኛ ሶልያና እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ነርሲንግ የምትማር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

«ሺፍቴን ስጨርስ ቼክ አድርጌያቸዋለሁ፣ ደህና ነበሩ» አለች። «ብርሃኑን ባዩ ቁጥር ደግሞ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ይኸው፣ ቀኑም ሰዓቱም አለ።»

ማዕዶት የሶልያናን መዝገብ ከእንግዶች መፈረሚያ ደብተር ጎን አስቀምጣ፣ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰች ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ወደ ሟቹ ክፍል ገባች። ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ያያል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ፍሪድሊ ነዳች። ወይዘሮ ካሪን እዚያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከመስከረም ጀምሮ በበጎ ፈቃድ እየመጡ ለሚስተር አርቪድ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። ማክሰኞም እንደ ወትሮው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፈርመው ወጥተዋል።

«ስለ ድሮ ሥራቸው አጫውተዎት ያውቃሉ?»

«በጭራሽ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ።»

«ማስታወሻ ደብተር እንደነበራቸውስ?»

«አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ካሪን፤ የለበሱትን ሹራብ እያስተካከሉ። «ምስኪን ሰው። ማን ያውቃል፣ ያቺን የምሽት ኮከብ፣ ቬነስን ለማየት ወጥተው ይሆናል።»

ማዕዶት አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ‹ቬነስ› የሚለውን ቃል ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

ማስታወሻ ደብተሩ በሟቹ ካልሲዎች መሳቢያ ውስጥ ነበር የተገኘው። ማዕዶት ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ቢሮዋ ተቀምጣ አነበበችው። የሃያ አራት ዓመቱ መኮንን አርቪድ በአንዲት የመንግሥት መኪና ገበሬውን፣ አብራሪውን፣ የቄሱን ሚስት ሳይቀር እየጠየቀ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይሎች ሠርቷል። እያንዳንዱ ፋይል በአንድ ቃል መዘጋት ነበረበት። ፊኛ። አውሮፕላን። ኮከብ። ‹ያልታወቀ› የሚለውን ቃል አለቆቹ አይወዱትም ነበር።

አንዱ ፋይል ግን በወረቀት ቢዘጋም በልቡ አልተዘጋም፤ አርቪድ ሰባ ዓመት ሙሉ እየተመለሰ ጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሮይ ቶርሰን የሚባል ወጣት አብራሪ ከከተማው በስተሰሜን ሐይቅ ላይ የቆመ ነጭ ብርሃን አየ። ሊደርስበት ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ አየሩ ሳሳበት፤ ራሱን ስቶ ከነአውሮፕላኑ ወደቀ። ከፋይሉ ሥር መኮንኑ የጻፈው ቃል ‹ቬነስ› ነው። ለሚስትየው የላከው ደብዳቤ ግልባጭም እዚያው ተጣብቋል። ባልሽ ቬነስ የምትባለውን ኮከብ ሲያሳድድ ሞተ ይላል፣ በትህትና።

ማዕዶት ከመስኮቷ ውጭ እየጨለመ መሆኑን ያወቀችው ፊደሉ አልታይ ሲላት ነው። ቀና ብላ ደመናውን አየች፤ አንድም ኮከብ የለበትም። ስልኳን አነሳች። መጀመሪያ ለኤርፖርቱ የአየር ትንበያ ክፍል፣ ቀጥላ ለጋብቻ መዝገብ ቤት ደወለች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሦስቱ የቤቱ ሰዎችና ወይዘሮ ካሪን በመጦሪያ ቤቱ ምግብ ክፍል ተሰበሰቡ። ወጣቱ ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆመ። ማዕዶት ሁሉም እንዲሰማት በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ሚስተር አርቪድ ራሳቸው አልወጡም። የቀኙን ፍሬን ሊይዙ አይችሉም፤ ብርድ ልብሱንም ከሥራቸው ሊወትፉ አይችሉም። ያወጣቸው ሰው መጀመሪያ ብርድ እንዳይመታቸው ተጠንቅቋል። ይህን አስታውሱልኝ።

«ሁለተኛ፣ እዚህ ቤት ያላችሁ ሦስታችሁም ዋሽታችሁኛል። የትምወርቅ፣ ደወሉ ባትሪ የለውም፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

የትምወርቅ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። «በየደቂቃው ሲጮኽ አረጋውያኑ ተረበሹ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ሶልያና፣ ኤጀታ እስኪመጣ አልጠበቅሽም።»

«ክላስ ነበረኝ» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ መጣ። «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፣ አይ ስዌር።»

«ኤጀታም ያላየውን ‹ተኝተዋል› ብሎ ፈረመ። ይህን ሁሉ እጽፈዋለሁ። ግን ከሦስታችሁ አንዳችሁም ሰው አልገደላችሁም። ደወሉ እንደማይጮኽ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊትም ቤቱ አሥር ደቂቃ ያለ ጠባቂ እንደሚቀር ያወቀ ሌላ ሰው አለ። መኪናውን ከጓሮ አቁሞ በጓሮ በር የሚወጣ።»

ወይዘሮ ካሪን ሹራባቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። በሁለት ሳምንት አምስት ጊዜ ታየ። አምስቱም ማክሰኞና ዓርብ ነው። በእንግዶች ደብተር ላይ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የሚፈርም አንድ ሰው አለ። መንፈስ የሰው ፕሮግራም አይጠብቅም።» ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የዓሣ ማጥመጃ ክርና የፊኛ ቁራጭ። በቀላል ጋዝ በተነፋ ነጭ ፊኛ ውስጥ ትንሽ አምፖል ቢገባና ከዛፉ በላይ ቢለቀቅ፣ ከታች ላለ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ብርሃን ነው። ክሩ ሲጎተት ቀስ እያለ ይወርዳል። ማክሰኞ ግን ቅርንጫፉ ያዘውና ተበጠሰ።»

«ሽማግሌው ኮከብ አይተው ሊሆን ይችላል» አሉ ወይዘሮ ካሪን በለሆሳስ።

«ቬነስን ማለትዎ ነው? በዚህ ወር ቬነስ ከመሸ በኋላ የምትታየው በምዕራብ ነው፤ መስኮታቸው ደግሞ ምሥራቅ ነው። ማክሰኞ እለትማ ደመናው ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጥሞ ነበር፤ ምንም ኮከብ አልታየም። ሚስተር አርቪድ እዚህ ቤት ያንን ስም ተናግረው አያውቁም። የተጻፈበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ አላውቅም ያሉት ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለተኛው ለሮይ ቶርሰን ሚስት የተላከው ደብዳቤ። ሮይ ቶርሰን የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው። ካሪን ቶርሰን። ኋላ አግብታ የባሏን ስም ወሰደች።»

ከኮሪደሩ የአንድ አዛውንት ሳል ይሰማል።

«እናቴ ያንን ደብዳቤ ሌላ ሰው ፊት አንብባው አታውቅም» አሉ ወይዘሮ ካሪን። ድምፃቸው የመምህርት ድምፅ ነው፤ ቀጥ ያለ። «ወሬው ግን ወጣ፤ ትምህርት ቤት ‹ኮከብ አባራሪው› ይሉት ነበር አባቴን። ሰክሮ ነው ያሉም አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ምሥጢርነታቸው የተነሣ ወረቀቶች አገኘሁ። ያ ብርሃን የሠራዊቱ የራሱ ፊኛ ነበር፤ የምርምር፣ እንደ ሕንጻ የሚያህል። አባቴ በትክክል ነው ያየው። ከወረቀቱ ሥር የአርቪድ ፊርማ ነበር።»

«ማክሰኞስ?»

«ፊኛውን ለቀቅሁት፤ ገብቼ አወጣሁት። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ‹ያ ምንድን ነው?› አልኩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሲያለቅስ ቆየና ‹ቬነስ ናት፣ እመቤቴ› አለኝ። ፍሬኑን ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ ብርዱን ይቅመሰው ብዬ ነበር። ማሞቂያውን ከፍቼ አየሁት። እጁን ወደ ብርሃኑ አነሳ። ከአርባ ደቂቃ በኋላም እያየሁት ነበር። ከዚያ ክሩን ጎተትኩ።»

የትምወርቅ «ኢየሱስ» አለች፣ ለራሷ።

ማዕዶት ማስታወሻ ደብተሩን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገለጠች። ባታነበው ትመርጥ ነበር፤ ነገር ግን የሟቹም ቃል መሰማት አለበት ብላ አመነች።

«‹ሮይ ቶርሰን ያየው እውነት ነበር። የተከተለው የራሳችንን ፊኛ ነው። ቬነስ ብዬ የጻፍኩት ታዝዤ ነው፤ ለማንም እንዳልናገርም ምያለሁ። መሐላዬን የማፈርሰው ለልጁ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ፈልጌ አጣኋት፤ ስሟ ተቀይሮ ይሆናል። አግኝቻት ሳልነግራት እንዳልሞት።›»

ወይዘሮ ካሪን ደብተሩን ተቀብለው ጽሑፉን በጣታቸው ዳበሱት። የግራ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ልጅ ጽሑፍ የተንጋደደ።

«አራት ወር» አሉ። «አራት ወር አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎ ማን እንደሆኑ ነግረዋቸው ያውቃሉ?» አለች ማዕዶት።

ወይዘሮ ካሪን ራሳቸውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ ነቀነቁ፤ ማቆም አቃታቸው።

ፖሊሱ ቀርቦ ክንዳቸውን ያዘ። ሲነሡ ኤጀታ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መስቀያው ሄደ፤ ካፖርታቸውን አመጣና አንዱን እጅጌ፣ ቀጥሎም ሌላውን አለበሳቸው። ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈላቸው።

«ውጭው ብርድ ነው» አላቸው።