ዳኛው አልወርድም ሲሉ

«አልለብስም ብያለሁ! ይሄ የእኔ ሱሪ አይደለም!»

አባባ ደረቁን ሱሪ ግድግዳው ላይ ወረወሩት። እርጥቡን እንደለበሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ገላመጧት። አንሶላውም ፍራሹም ርሷል።

«የእርስዎ ነው አባባ። እማዬ ናት የገዛችልዎት።»

«እማዬ ደግሞ ማናት?»

«ልጅዎት ናታ።»

«ልጅ የለኝም። አንቺንስ ማን አስገባሽ?»

ልጅቷ ሱሪውን አንስታ አራገፈችና ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው። በተከፈተው መስኮት በኩል ረዘም ያለ የፊሽካ ድምፅ ገባ፤ ጭብጨባና ጩኸት ተከተለው። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው ያለው። የመረብ ኳስ ፍጻሜው ተጀምሯል፤ ያለ እሷ።

ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠሯት መምህራን ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ «ሰንበሌጥ» ናት፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ቁመቷም ማደጉን አላቆም ስላለ። የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ቡድን አምበልም ነበረች። ባለፈው ሳምንት ግን «ቁርጭምጭሚቴ ዞሯል፣ ሐኪም እንዳትንቀሳቀሺ ብሎኛል» ብላ ከልምምድ ቀረች። ውሸቱ እንዲያምርላት እያነከሰች ትሄድ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት የትኛውን እግሯን እንደምታነክስ ተምታቶባት ልትጋለጥ ምንም አልቀራትም።

እውነቱ ሌላ ነው። እናቷ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ፈረቃዋ ተቀይሮባት፣ አሁን ከምሳ በኋላ ገብታ የምትወጣው ሲመሻሽ ነው። ከሰዓት በኋላ አባባን የሚይዝ ሰው የለም። ልጅቷ ደግሞ የምትማረው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ቤት አለች።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፖርት ሲያስተምሩና መረብ ኳስ ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ይላቸዋል። እሷንም ኳስ መቀበል ያስተማሯት እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ መረብ አድርገው ነው። ሕመሙ ሲጀምራቸው ቀልድ ይመስል ነበር፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል፤ አንዱን ወሬ እንደ አዲስ መልሰው መላልሰው ያወሩታል። እናትና ልጅ ይስቁ ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ። ሐኪሙ፣ «የመርሳት በሽታ ይባላል። የሚድን ሳይሆን የሚያስታምሙት ነው» አላቸው።

ያን ቀን እናቷ ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው፣ «ለማንም እንዳታወሪ» ያለችው። «ሰው ታመሙ አይልም፤ ለየላቸው ነው የሚለው። የተከበረው አባቴ የመንደር መሳቂያ ሲሆን ማየት አልችልም።»

ስለዚህ ለማንም አላወራችም። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝተዋል»፣ ጓደኛ ልምጣ ስትላት «እንግዳ አለብን» ትላለች። ውሸቷ ከአፏ የሚወጣው ሳታስበው ሆኗል።

አሁንም ሱሪውን ይዛ ለመነች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ መልሳ ለመነች። በመጨረሻ ሲሰለቻት እንዲሁ ከአፏ አመለጣት።

«እሺ ይተዉት። ግን ዳኛ በእርጥብ ሱሪ ሜዳ አይገባም።»

አባባ ቀና አሉ። «ማን አለ?»

«ደንቡ ነዋ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ፣ ፊታቸው ድንገት ፈካ ብሎ። «አምጪው። ፊትሽንም አዙሪ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ከኋላዋ የቀበቶ ማሰሪያ ሲንቃጨል ሰማች። ስትዞር አባባ ለብሰው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። ያለ ጭቅጭቅ! ደስ ብሏት አንሶላውን ጠቅልላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮ ሆና አንሶላውን በሳሙና እያሸች ጆሮዋ ግን ሜዳው ላይ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ማን ሰርቭ እንዳደረገ፣ ማን እንደሳተ ትገምታለች። ጨምቃ አሰጣችና ግንባሯን በክንዷ ጠረገች።

«አባባ፣ ሻይ ላፍላልዎት?»

ወደ ቤት ገባች። አልጋው ባዶ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ባዶ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መወርወሪያው እስኪገባ ገፍታ የምትቆልፈው እሷ ናት፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በጥድፊያ ገርበብ አድርጋው ነበር።

በነጠላ ጫማዋ፣ በረጠበ ቀሚሷ ወጥታ ሮጠች። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዋናው መንገድ ነበር፤ መኪናው ይተራመሳል። ባለሱቁ በር ላይ ቆሞ አያት።

«ዳኛውን ነው? አሁን ሽክ ብለው አለፉ። የት ነው ስላቸው፣ ጨዋታ አለኝ፣ ዘግይቻለሁ አሉኝ።»

የት እንደሄዱ ገባት። የላከቻቸውም ራሷ እንደሆነች ገባት።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዙሪያውን በተማሪ ተሞልቷል፤ ጨዋታው ግን ቆሟል። ሁለተኛው ዙር አልቆ የዕለቱ ዳኛ ውሃ ሊጠጣ በወረደበት፣ አባባ ሰተት ብለው መጥተው ከመረቡ ጫፍ ያለው ከፍ ያለ የዳኛ ወንበር ላይ ወጥተዋል። እዚያ ላይ ተቀምጠው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እጃቸውን እየዘረጉ ነጥብ ይሰጣሉ። ከታች በቅርቡ የተቀጠረው ወጣቱ የስፖርት መምህር ይለምናቸዋል።

«አባቴ፣ እባክዎትን ይውረዱ። ልጆቹ ይጫወቱበት።»

«አልወርድም! አሰልጣኝ ከቦታው አይነሳም፤ ተመለስ!»

ተማሪው በሳቅ አውካካ። አንዱ ልጅ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል፤ ሌላው የአባባን እጅ አዘረጋግ እያስመሰለ ጓደኞቹን ያስቃል። ልጅቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሰንበሌጥ!» አለ አንድ ድምፅ። ቱርቦ ናት። ወሬዋም ሩጫዋም አንድ ላይ ስለሚፈጥን የወጣላት ስም ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። «እግርሽ ዳነ እንዴ?» ከዚያ የረጠበውን ቀሚስ አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «ምን ሆነሻል? ሽማግሌውን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አይ።»

ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን አልመለሰችውም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከአጥሩ ውጪ ብትጠብቅ፣ አንድ ሰው እንደምንም ያወርዳቸውና በበሩ ሲያስወጧቸው ቀስ ብላ እጃቸውን ይዛ መሄድ ትችላለች። ማንም አያውቅም። እናቷም ያለችው ይሄንኑ አይደል? ማንም እንዳያውቅ።

ከመዞሯ በፊት ግን የአባባን እግር አየች። የቀኝ ጫማቸው ከመርገጫው ተነስቶ አየሩን ዳበሰ፤ የሚቀጥለውን ብረት አጣና ተመለሰ። እንደገና ወረድ አለ፤ እንደገና አጣው። ብረቱን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ጨብጠዋል። «አልወርድም!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ይሄንን ድምፅ ታውቀዋለች። ያስቸገሩ የሚመስላት ሁሌ በዚህ ድምፅ ሲናገሩ ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ማለታቸው አልነበረም። ከወጡበት እንዴት እንደሚወረድ ጠፍቶባቸዋል። ፈርተዋል።

«አያቴ ናቸው» አለች።

«ምን?»

«ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ስለ እግሬም የዋሸሁሽ ነው። አባባ ታመዋል ቱርቦ፤ ነገር ይረሳሉ። ከሰዓት በኋላ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። አሁን አወራረዱ ጠፍቶባቸው ነው።»

ልጅቷ ለምን አልነገርሽኝም የሚለውን ጥያቄ ስትጠብቅ፣ ቱርቦ ግን ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ አሰረችና፣ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አለች።

ምን ይደረጋል? ውረዱ ሲባሉ አይወርዱም። በደህናው ጊዜ መቼ ነበር የሚወርዱት? ጨዋታ ሲያልቅ ነው። የሁለቱ ቡድን አምበሎች መጥተው ሲጨብጧቸው። ልጅቷ የተጋጣሚውን ቡድን አምበል፣ ደንደን ያለች ባለ ሹሩባ ልጅ፣ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አስረዳቻት። ባለ ሹሩባዋ ወደ ወንበሩ ቀና ብላ አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሁለቱ አብረው ከወንበሩ ሥር ቆሙ።

«ዳኛ!» አለች ልጅቷ፣ ሜዳ ላይ በምትጮኽበት ድምፅ። «ጨዋታው አልቋል። አምበሎች ልናመሰግንዎት መጥተናል።»

አባባ ወደ ታች አዩ። «ማን አሸነፈ?»

ልጅቷ ይሄን አላሰበችበትም። ባለ ሹሩባዋ ፈጠን ብላ፣ «እኩል ነን» አለች።

«እኩል?!» አባባ ተቆጡ። «በመረብ ኳስ እኩል የለም! ማን ነው ያስተማራችሁ?»

ተማሪው ሳቀ፤ ልጅቷም ሳታስበው ሳቀች። የአሁኑ ሳቅ ግን ከቅድሙ ይለያል።

«እነሱ ናቸው ያሸነፉት» አለች ወደ ባለ ሹሩባዋ እያሳየች።

«እንዲያ በይኛ። እንግዲያው ልውረድ።»

ልጅቷ ተጠግታ ጫማቸውን በእጇ ያዘች። «ቀኙን መጀመሪያ። እዚህ ጋ ያሳርፉት። አሁን ግራውን።» ጫማቸውን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው እያሸጋገረች አወረደቻቸው፤ መምህሩ ከኋላ ወገባቸውን ደገፈ። እግራቸው መሬት ሲረግጥ ትከሻቸው ወረደ፤ በረጅሙ ተነፈሱ። እሷም አብራ ተነፈሰች።

ቱርቦ ተጫዋቾቹን ሁሉ አሰልፋ ጠበቀቻቸው። አባባ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሄዱ ጨበጡ፤ «ጎበዝ፣ ጥሩ ተጫወታችሁ» እያሉ። የሚቀርጸው ልጅ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ወይም ቱርቦ ባየችው አስተያየት አስመለሰችው። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የልጅ ልጃቸው ቆማለች። እጇን ይዘው ቁመቷን በአድናቆት ለኩ።

«ረዥም ነሽ። ጥሩ አጥቂ ይወጣሻል። ማን አስተማረሽ?»

«አያቴ» አለች።

«ጎበዝ ሰው ናቸው» አሉ አባባ ከልባቸው። «ሰላም በይልኝ።»

ገና አንድ ዙር ይቀራል። መምህሩ ወንበር አምጥቶ ከሜዳው ጠርዝ አስቀመጣቸውና ወደ ልጅቷ ዞረ። «እግርሽ ደህና ከሆነ ግቢ። እኔ ከአጠገባቸው አልነሳም።» ከተቀያሪዎቹ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻት፤ ጠቧት ጣቶቿን ያጥፍባታል። ገባች። ኳስ ባቆመ ቁጥር ዞር ብላ ታያለች። አባባ ተመቻችተው ተቀምጠው፣ እውነተኛውን ዳኛ በየነጥቡ ያርሙታል፤ መምህሩም «ልክ ነዎት፣ መስመሩን ነክቷል» ይላቸዋል። ቡድኗ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። እሷ ግን ከጀርባዋ ጆንያ ሙሉ አሸዋ የወረደላት ያህል ቀሏት ነበር።

እናቷ አመሻሹ ላይ ቤት የደረሰችው የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ እያለከለከች ነው። ባለሱቁ መንገድ ላይ ነግሯታል። አባባ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አየቻቸው፤ ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ምን ብዬ ነበር የነገርኩሽ? በሩን ዝጊ አላልኩሽም? ትምህርት ቤቱ ሁሉ አያቸው አይደል?»

«አይቷቸዋል።»

«ሳቁባቸው?»

«ሳቁ። ከዚያ ግን ተሰልፈው ጨበጧቸው።»

ልጅቷ ስለ እግሯ ውሸት፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ባለ ሹሩባዋ፣ ሁሉንም ነገረቻት። አንዱንም አልደበቀችም። ስትጨርስ፣ አስቀድማ ያላሰበችበት ቃል ወጣ።

«እማዬ፣ ደክሞኛል።»

እናቷ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ፣ ከሶፋው ሥር ቁጭ አለች።

«እኔም» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ እናቷ ይህን ስትል ሰምታ አታውቅም። መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የአባባን ማንኮራፋት አዳመጡ። «እንደ መኪና እኮ ነው» አለች እናቷ፤ ሁለቱም እንዳይቀሰቅሷቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ እናቷ ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«ቱርቦ አንዳንድ ቀን መጥታ አብራኝ ልትሆን ትፈልጋለች» አለች ልጅቷ። «ምን ልበላት?»

እናቷ ከመመለሷ በፊት የግቢው በር ተንኳኳ።

«እናንተ ቤቶች!» አለ የጎረቤታቸው ድምፅ። «ዳኛው ደህና ናቸው? ወሬ ሰምቼ ነው የመጣሁት። የምረዳው ነገር ካለ…»

እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚህ በፊት ቢሆን አንዷ እዚያው ሆና «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል!» ብላ ትጮኽ ነበር። አሁን እናቷ እሺም እምቢም አላለችም፤ ዓይኗን ልጇ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ልጅቷ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። መወርወሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተች።

«ይግቡ እትዬ» አለች። «ቁጭ ብለን ብናወራው ይሻላል።»