የፈነዳው ኮከብ ትርታ

የሰሙትን ሳያጣሩ ማውራት ያልገባበት ቤት የለም። ሰማይ የሚመረምሩ ሰዎች እንኳ ከዚህ ልማድ ለጥቂት ነው የተረፉት።

አንድ የኮከብ ተመራማሪ ጡረታ ለመውጣት ተቃርበዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት፣ ከብዙ ዘመን በፊት የፈነዳ ግዙፍ ኮከብ ትቶት በሄደው የጋዝ ደመና ውስጥ ተደብቆ የቀረውን እምብርት ነው። ፑልሳር ይባላል። ስፋቱ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፤ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ሲሽከረከር ጨረሩ እንደ ልብ ትርታ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን ጨረር ዓይን አያየውም፤ ኤክስሬይ የሚቀበል የሳተላይት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርታው ኮምፒውተሩ ላይ ታየ።

"ሰኞ ጋዜጠኞች እንጠራለን" አሉ ተመራማሪው። "ለልጆቼማ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።"

አብራቸው የምትሠራው የሟች ጓደኛቸው ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ትንሽ እንታገሥ" አለቻቸው። "ከደመናው ውጪ ያለውን ባዶ ሰማይ ትርታውን ባገኘንበት ስሌት እንየው።"

"ባዶ ቦታ ምን ይገኛል ብለሽ ነው? ሌሎች እስኪቀድሙን?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ወሬ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም።"

ቅር እያላቸው ፈቀዱ። ባዶው ሰማይም ያንኑ ትርታ አሳየ። ለካ የኮከብ ሳይሆን የቴሌስኮፑ የራሱ ምት ነበር።

ተመራማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "በስተርጅናዬ መሳቂያ ልሆን ነበር" አሉ።

የመሣሪያውን ምት ለይተው አወጡና ፍለጋውን እንደገና ጀመሩ። ወራት አለፉ። እስከዚያ ሁሉም ሰው የደመናውን መሐል ነበር የሚያየው። እሷ ግን ጠርዙ ላይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አገኘች፤ ፍንዳታው እምብርቱን ወደዚያ ወርውሮት ኖሯል። ከነጥቧም ስስ ትርታ ይመጣል።

"ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ።"

አጎንብሰው አዩ። እጃቸው ሳያውቁት ደረታቸው ላይ ዐርፏል።

"ባዶውን ሰማይ ጠየቅሽው?"

"ምንም የለበትም።"

"እንግዲያው ሌላ ሳተላይትም ይየው። እስከዚያ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።"

ሌላውም ሳተላይት ያንኑ ትርታ ያዘ። ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ያ ብርሃን ከኮከቡ ሲነሣ ሰው ገና ፊደል አልቀረጸም ነበር።

"ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዞ መጣልን" አሉ ተመራማሪው ቀስ ብለው። "እኔ ግን ጥቂት ቀን መታገሥ አቅቶኝ ነበር።"

ወገኖቼ፣ ከማውራታችን በፊት እንጠይቅ። እውነት ከሆነ ብናቆየውም አይጠፋም።