የይሻው ፍሬን

ይሻው ለባሕር ዳሩ የመኪና ውድድር ሲለማመድ፣ ጠዋት ከደብረ ታቦር በሚያስወርደው ቁልቁለት ገደል ገብቶ ሞተ። ኢንስፔክተር ትርንጎ ለቅሶው ቤት ስትደርስ ወንድሙ አስናቀ ደረቱን እየደቃ ፍሬኑን የቀየሩትን ሽማግሌ መካኒክ ይወነጅላል። ካዳመጡት አንዳንዶቹ ድንጋይ አንሥተው ነበር። ትርንጎ የአስናቀን ዓይኖች አየች፤ ደረቅ ነበሩ።

ከለቅሶው ወጥታ መካኒኩን የተሰባበረችው መኪና ዘንድ ወሰደቻቸው።

«ጋሽ ሱልጣን፣ ምን ቀየሩለት?»

«ዲስኩን በትልቅ፣ የፍሬን ሸራውን ሙቀት በሚችል። የፍሬን ዘይቱንም ለውድድር የሚሆነውን፣ ቶሎ የማይፈላውን ሞላሁ።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ጎማው ሥር ያለችውን ብሎን ፈትተው ብርጭቆ ደቀኑ። ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ቀለምም ሽታም አልነበረውም።

«ውሃ ነው» አሉ። «ከተማ ውስጥ ፍሬኑ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል።»

ትርንጎ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሕይወት ተመለሰች።

«ከአደጋው በፊት ባለው ሌሊት መኪናው የት አደረ?»

«አስናቀ ግቢ። የኛ በር ይጠበዋል። እኔ አንበሳሜ እናቴ ዘንድ ነበርሁ።»

የአስናቀ የብረት በር ለበዓል አረንጓዴ ተቀብቷል። ከታች ግን፣ ፍሳሽ መውረጃው አጠገብ፣ ቀለሙ አብጦ እንደ ቁስል ቅርፊት ተልጧል።

በሠልስቱ ሁሉንም የጋሽ ሱልጣን ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል» አለች። «ጋሽ ሱልጣን የሞሉት ዘይት የፈሰሰው እዚህ አይደለም፤ አስናቀ በር ሥር ነው። የግቢው ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። በዘይቱ ፈንታ ውሃ ሞላ።»

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?» አለ አስናቀ።

«ከከተማችን የሚወዳደረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አዘጋጆቹን ጠየቅኋቸው። በቀብሩ ማግስት የይሻውን ስም አሰርዘህ ያንተን አስመዝግበሃል።»

አስናቀ ከንፈሩን ላሰ። «ደንግጦ እንዲተወው ብዬ እንጂ… ደግሞ ቦታው ባዶ ከሚቀር ብዬ ነው።»

ትርንጎ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ሬሳ አስቀብሮ ተራ የሚይዝ ግን አላየችም። አስናቀ ለማጽናናት ያህል እጁን ሕይወት ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሴትዮዋ ትል እንደነካት ሁሉ አራግፋው ተነሣች።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ድንጋይ አንሥተው የነበሩት ሰዎች አቀርቅረው አንድ በአንድ ወጡ። ለጋሽ ሱልጣን ይቅርታ ያለ አልነበረም።