ማርችን የመረጥኩት እኔ ነኝ

እኔ ፈሪ ነኝ። ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እረፍት ላግኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ሃይዌይ ላይ ከትራክ ጎን መንዳት እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው በረዶ ነው። አባቴ ትራክ ነጂ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ፣ በረዶ በጋገረበት መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራቶበት በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኮሎምበስ ላይ በረዶ መጣል ሲጀምር እናቴና እኔ መጋረጃ እንዘጋለን።

ታዲያ ፈጣሪ ሲቀልድብኝ፣ የሰጠኝ ሰው በረዶ ላይ ካልተንሸራተተ የማይኖር ሆነ።

ሲራክን ያገኘሁት ሥራ ቦታ ነው። እኔ ኤክስሬይ አነሳለሁ። አንድ ቅዳሜ የእጁ አንጓ ያበጠ ሰው ገባ። ፎርሙ ላይ «ስኪ ስጫወት ወድቄ» ይላል። እዚህ ኦሃዮ፣ ተራራ የሚባል ነገር በሌለበት!

«ምን ዓይነቱ ሞኝ ነው በስመ አብ!» አልኩ ለራሴ በአማርኛ፣ እጁን ማሽኑ ስር እያስተካከልኩ።

«ሞኙስ እኔ ነኝ» አለኝ። «ግን ትንሽ ቀስ አድርጊው፣ ያማል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ይስቃል፤ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አነበበ።

«ሔርሞን። ሔርሞን እኮ በረዶ ያለበት ተራራ ነው።»

«እኔ በረዶ እጠላለሁ።»

«ታዲያ ስሙን ማን አወጣልሽ?»

«አባቴ» አልኩና ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

ምንም ሳልነግረው የገባው መሰለኝ። ሌላ ወንድ ቢሆን አንድ ቀልድ ይጨምር ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ የታመመ እጁን አየ፣ እኔም ያን ጊዜ ወደድኩት።

ሲራክ ኤሌክትሪሺያን ነው። በአሥር ዓመቱ ከኬንያ መጥቶ፣ እዚሁ ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ያሳደጉት አጎቱ ጋሼ አያሌው ናቸው። ስኪን የለመደው ከትምህርት ቤት ሲወስዷቸው ነው። በዓለም ላይ አንድ ምኞት ነበረው፤ ሂማላያ ላይ አንድ ጊዜ ስኪ መጫወት። «አንዴ ብቻ። ከዚያ የጓሮ ኮረብታም አልወጣም» ይለኛል።

እናቴ ስለ እሱ ስነግራት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። እጁ በምን እንደተጎዳ የሰማች ቀን ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ሔርሞኔ፣ በረዶ አንድ ሰው ወስዶብኛል። ሁለተኛ አልሰጥም። ያንን ልጅ እዚህ ቤት እንዳታመጪው።»

እናቴ አንዴ ከተናገረች ተናገረች ነው። ስለዚህ ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ ፍቅራችን መኪና ውስጥ ሆነ። ሬይኖልድስበርግ ያለው ግሮሰሪ ፓርኪንግ ላይ ቆመን እናወራለን፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ይደበዝዛል፣ ከዚያ እሱ ወደ ቤቱ እኔም ወደ ቤቴ። አንድ ማታ፣ ገና ኦክቶበር ላይ፣ እዚያው ቆመን ሳለን የባንክ ካርዱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ።

«ለሂማላያ ገንዘቡንም ቬኬሽኔንም ሰብስቤ ጨርሻለሁ። ወሩን አንቺ ምረጪልኝ።»

«ለምን እኔ?»

«የምትፈሪው አንቺ ነሽ። ፈሪ ሰው ደግሞ በደንብ ያነባል።»

አነበብኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ። ሊሄድበት የፈለገው ቦታ ጉልማርግ ይባላል፣ ህንድ፣ ካሽሚር ውስጥ፣ ሂማላያ ላይ ነው። ዲሴምበር ላይ በረዶው ገና ስስ ነው፣ ድንጋዩ አልተሸፈነም። ድንጋይ እግር ይሰብራል፤ ዲሴምበር ተሰረዘ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሁሉም የሚያወድሳቸው ናቸው፤ በረዶው ጥልቅና ደረቅ ነው፣ ዱቄት ነው ይላሉ። ግን ማዕበል አለ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጃንዋሪ ደግሞ አባቴ የሞተበት ወር ነው። ኤፕሪል ላይ በረዶው ይቀልጣል፣ እሱ አይስማማም። ማርች ቀረ። በማርች ቀኑ ይረዝማል፣ ፀሐይ ይወጣል። ሁዳዴም ስለሆነ እየጾምኩ እጸልይለታለሁ። ስለ ማርች አንድ ነገር አይቼ ነበር፤ ፀሐዩ ሲጠነክር ከላይ የተከመረው በረዶ ይላላል ይላል። ፀሐይን ደግሞ ማን ይፈራል ብዬ አለፍኩት።

«ማርች ነው» አልኩት። «ሁሉም ምርጡ ማርች ነው ይላሉ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እሺ፣ ማርች» አለ።

ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለአጎቱ «ህንድ ልጎበኝ ነው» ብቻ ነው ያላቸው፣ ስለ ተራራው ትንፍሽ አላለም። እኔም ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ሻንጣውን አውርዶ ሲያቅፈኝ ጆሮዬ ስር እንዲህ አለኝ፦

«ምርጡ ፌብሩዋሪ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?»

«ማርች ላይ ብሄድ እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ ነዋ።»

ግንባሬን ስሞኝ ገባ። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ፖሊሱ መጥቶ እዚህ መቆም አይቻልም እስኪለኝ ድረስ።

ሐሙስ ዕለት ቴክስት አደረገልኝ። «ነገ ጫፍ ድረስ እንወጣለን። ፀሐዩ ደስ ሲል!»

ዓርብ ሥራ ላይ ብሬክ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ዜናውን አየሁት። ከጉልማርግ በላይ የበረዶ ናዳ ወርዷል። የውጭ አገር ሰዎች የገቡበት አልታወቀም። ለቀናት የሞቀው ፀሐይ በረዶውን አላልቶት ነው ይላል። መብራትና ኔትወርክ ተቋርጧል፣ መንገዱም ተዘግቷል።

ኮል አደረግኩለት፤ አይሠራም። ሆቴሉ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ኤምባሲ ጋ ደወልኩ፤ ስሙን መዝግበው «ስናውቅ እንነግርሻለን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ታካሚ ሁለት ጊዜ ግራ እጅህን ስጠኝ አልኩት፤ የተጎዳው ቀኙ ነበር። ማርችን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ።

ቅዳሜ እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ራሴን አሞኝ ነው» አልኳት። ለማን ይነገራል? አታምጪው ያለችኝ ሰው ሞተብኝ ልበላት?

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሁለት መኪና ቀስ ብለው መጥተው ቤታችን ፊት ለፊት ቆሙ። መብራታቸውን አጠፉ። ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ፣ የመኪናውን በር ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉ። ከፊት ያሉትን በፎቶ አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ አያሌው ናቸው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ ቆሞ ነው የሚናገረው። የአባቴንም በዚህ በር፣ በዚህ ሰዓት ነው የነገሩን። ደወሉ ሲጮህ መነሳት አቃተኝ፣ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወርዳ ከፈተች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሂሩት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ አያሌው። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። ስለ ሲራክ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን በደንብ አላስታውስም። እናቴ እንደምትለው ጎረቤት ሁሉ መብራት አብርቷል። «ሞተብኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት! ማርች ያልኩት እኔ ነኝ!» እያልኩ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። እናቴም ምኑም ሳይገባት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች።

«ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ማንም አልሞተም!» ጋሼ አያሌው ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኹ። «ለደግ ነው የመጣነው! ለሽምግልና ነው! ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ልንል ነው!»

የእናቴ እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እና ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ይላካል?»

«ምን እናድርግ፣ እትዬ ሂሩት» አሉ ከኋላ የቆሙት የጋሼ አያሌው የሥራ ጓደኛ አቶ ባስልዮስ። «እኔና አያሌው የምንሠራው ዌርሀውስ ነው፣ ሺፍታችን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ኦፍ እስክናገኝ ብንጠብቅ ፋሲካ ያልፋል።»

«ሲራክ ነው የለመነኝ» አሉ ጋሼ አያሌው። «ከተማ ውስጥ ሳልኖር ሂዱልኝ፣ እናትየዋን እፈራለሁ አለኝ።»

«እሱስ የት ሄዶ ነው?»

«ህንድ፣ ለጉብኝት። ሙቅ አገር ነው።»

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ዜናውን ከፍቼ ስልኬን ዘረጋሁላቸው። «እዚህ ነው ያለው» አልኳቸው። «ከሐሙስ ጀምሮ ድምፁ የለም።» ጋሼ አያሌው ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አነበቡት። ሲጨርሱ፣ አልቀመጥም ያሉት ሰውዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሙቅ አገር ነው አለኝ እኮ» አሉ። «ሙቅ ነው አለኝ።»

አቶ ባስልዮስ ወደ እናቴ ዞሩ።

«እትዬ ሂሩት፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይህን ብናውቅ በርዎን አናንኳኳም ነበር። ጉዳዩን ይዘነው እንመለስ። ወሬው ይታወቅና፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ…»

የእናቴን ፊት ማየት ፈራሁ። ይኸውና፣ በረዶው ዞሮ ቤቷ ገባ። አስገቢዋ ደግሞ እኔ፣ ዓመት ከስድስት ወር የዋሸኋት።

«ይዛችሁት አትመለሱም» አለች።

«እትዬ…»

«ሽማግሌ ቤቴ ቆሟል። መልስ ሳልሰጠው አይወጣም።» አጎንብሳ እጇን ብብቴ ስር አስገብታ ከወለሉ አነሳችኝ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ለሲራክ ሰጥቻለሁ። እናንተም ልጃችሁን አምጡልኝ።»

ጋሼ አያሌው ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያ እሳቸውም አቶ ባስልዮስም ሥራ ቦታቸው ደውለው አንመጣም አሉ፤ ለጋሼ አያሌው በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። አምስታችንም ሳሎን ተቀመጥን። አቶ ባስልዮስ ዳዊት ይደግማሉ፣ እናቴ እጄን ይዛለች፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሰው ሲያስል እንኳ እደነግጣለሁ።

ቅዳሴ መውጫ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው። ኤምባሲው ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። አላነሳም። ካላነሳሁ ምንም አልሆነም።

«አንሺው!» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ።

«ሄሎ?»

«ሔርሞኔ።»

«አለህ?»

«አለሁ። ታች ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ፣ የወታደር ስልክ ለምኜ ነው።»

«አልወጣህም?»

«አልወጣሁም።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ለእሁድ ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ ላንቺ አልነገርኩሽም። እናትሽ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ የሐሙስን ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ልተኛ ብዬ እናንተ ውጡ አልኳቸው። ቁርስ አብሬያቸው የበላሁት ሁለት ሰዎች አልተመለሱም፣ ሔርሞን። አልተመለሱም።»

ያለቅሳል። «አይዞህ፣ አይዞህ» ብቻ አልኩት፤ እኔ፣ በሕይወቴ ለማንም አይዞህ ብዬ የማላውቀው።

«ጋሼ አያሌው መጡ እንዴ?» አለኝ ቆይቶ፣ በትንሽ ድምፅ። «እናትሽ ምን አሏቸው?»

አፌን ከመክፈቴ እናቴ ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደችው። በሕይወቷ አንድም ቀን አናግራው አታውቅም። ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ሄሎ? ሔርሞን?» ይላል እሱ። «ሄሎ? ማን ልበል?»

«እናትህ ነኝ» አለችው። «በል ቶሎ ና።»

ከዚያ ሁለቱም ተላቀሱ። ስልኬን መልሼ ያገኘሁት ወታደሩ ስልኩን ሲቀማው ነው።