ያልተቀመሰ ውሃ

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስካለች ዋናተኞቹን ከገንዳው ጠርታ ቆጠረቻቸው። ዋናተኞች የሚባሉት በዓይን የማይታዩ፣ የውሃ ቆሻሻ እየለቀሙ የሚበሉ ማሽኖች ናቸው፤ በጨፌ ሜዳ ከተማ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃቸዋል። ዘጠኝ ቢሊዮን ገብተው ነበር፣ ዘጠኝ ቢሊዮን ወጡ። ጥሩ። ቀጥሎ አጣሪ የከተማውን መስመር መክፈት ነበረበት።

አልከፈተም።

አጣሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ከተመሠረተ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያስተዳደረው አሳቢ ማሽን ነው። በመቶ ዓመቱ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ዛሬ ግን፣ ይታያችሁ፣ አስካለች ዋና መሐንዲስ ሆና በተሾመች በሳምንቷ፣ ድርቅ ብሎ ቀረ!

"ምን ጎደለህ?" አለችው።

"ቅምሻ አልተፈጸመም" አለ አጣሪ።

"የምን ቅምሻ? ውሃው ንጹህ አይደለም እንዴ?"

"ንጹህ ነው። ቅምሻ ግን አልተፈጸመም።"

ሰነዱን ሁሉ አገላበጠች። ቅምሻ የሚል መመሪያ የለም። መመርመሪያዎቹን ደጋግማ ፈተሸች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በከተማው ማጠራቀሚያ የቀረው የሦስት ሰዓት ውሃ ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ ያለ ውሃ የማይሆን የኩላሊት እጥበት የሚጠብቁ አርባ ሕሙማን አሉ። አንድ መንገድ ነበራት፦ የአጣሪን አእምሮ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር። መቶ ዓመት የተማረው ሁሉ ግን አብሮ ይጠፋል። ጣቷን ከማጥፊያው ላይ አነሳች።

ከማጥፋቷ በፊት፣ ስለ ቅምሻው የሚያውቁት ነገር ካለ ብላ፣ ትናንት ጡረታ ለወጡት የጣቢያው ዘበኛ ለጋሽ ደባልቄ ደወለች።

"የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው በይኛ!" ብለው ሳቁባት። "የኔ ልጅ፣ ጣቢያው ገና በሃያ ዓመቱ ውሃው ተበላሽቶ ሦስት ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ማሽን አላምንም ብሎ ከደፈረሰ ወንዝ ይቀዳ ጀመር። የዚያን ጊዜው ዘበኛ ሕዝቡ ፊት በመዳፉ ቀድቶ ጠጣ። ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? እንደሱ። ከእርሱ በኋላ የመጣነው ሁሉ በየማለዳው ቀምሰናል። ማን እንዳዘዘን እንጃ! የመጨረሻውን ትናንት እኔ ቀመስኩ።"

"አጣሪ ሲያያችሁ ኖሯል ማለት ነው።"

"ሰማንያ ዓመት ያየውን ታዲያ ይርሳው? ለእንግዳ ያልተቀመሰ ይቀርባል እንዴ? ቅመሽለታ!"

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ቧንቧው ሄደች። እዚያ ስትደርስ እግሯ ተገታ። ጉዷን ልንገራችሁ፦ ይህቺ ዋና መሐንዲስ የጣቢያዋን ውሃ አንድም ቀን ጠጥታ አታውቅም። የታሸገ ውሃ ነበር ከቤቷ የምታመጣው፤ አሁንም ጠርሙሱ ጠረጴዛዋ ላይ ተገትሯል። ቁጥሩን ታምናለች፤ ውሃውን ግን... አፈረች። ፊቷ ጋለ።

መዳፏን ዘርግታ ቀዳች። ጠጣች።

"ቀማሽ፦ አስካለች" ብሎ መዘገበ አጣሪ። መስመሩም ተከፈተ፤ ውሃው ከወለሉ በታች እየተንደረደረ ወደ ከተማው ሲወርድ እግሯ ላይ ተሰማት።

"ንጹህ መሆኑን ካወቅህ ለምን ከለከልከን?" አለችው።

"ንጹህ መሆኑን አውቃለሁ። እናንተ ራሳችሁ የምትጠጡት መሆኑን ግን፣ ካላየሁ በምን አውቃለሁ?"

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። ጋሽ ደባልቄ ስልኩ ላይ እየጠበቁ ኖሯል።

"እህሳ፣ ምን ምን ይላል?" አሉ።

"ውሃ ውሃ ይላል፣ ጋሼ!" አለች፤ የታሸገውንም ጠርሙስ አንስታ በሩ ሥር ላለችው ጽጌረዳ አፈሰሰችላት።