ነጋሽ «ገደለኝ» ሲል

ነጋሽ በሚኖርባት በሪቻርድሰን ከተማ፣ ከአፓርታማው ደረጃ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ በእህቱ በዘርትሁን ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፁ ቀርቶ ነበር፦ «እንድሪያስ ገደለኝ!» በዚህ ቃል ጓደኛው እንድሪያስ ተፈርዶበት ታሰረ። ዘርትሁንም የእንድሪያስን ሚስት ሐሴትን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሰላም ማለት ተወች።

አሁን ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው። የእንድሪያስ ጠበቃ የላካት መርማሪ ሐዳሳ፣ ሐሴትን ይዛ ዘርትሁን ሳሎን ተቀምጣለች። የዘርትሁን ልጅ ኤልዳድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ንጹሕ ነው አሉ እንዴ?» አለች ዘርትሁን።

«አይ፣ እትዬ። የበላይ ዳኞች ማን ገደለ አይሉም፤ አዲስ ማስረጃም አይሰሙም። መዝገቡን አይተው፣ የታች ዳኛው ተሳስቷል ወይ ነው የሚሉት። የሟች ዘመድ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመውን የስልክ ድምፅ፣ ጠበቃው እየተቃወመ መቀበሉ ስህተት ነው አሉ። ሶ፣ እንደገና ይታያል።»

«እኔ ነኝ የተረጎምኩት» አለ ኤልዳድ። «ገደለኝ ማለት ገደለኝ ነው። ኦኬ?»

«ኦኬ።» ሐዳሳ ፈገግ አለች። «ስመጣ ጂፒኤሱ ‹ተመለሺ፣ ተመለሺ› ሲለኝ፣ እናቴ ንስሐ ግቢ በላት ብላ የላከችው መሰለኝ።»

ኤልዳድን ሳቅ አመለጠው። «ኧረ ገደልሽኝ!»

ሌላ ሰው አልሳቀም።

«ታዲያ ፖሊስ ልጥራልህ?» አለች ሐዳሳ። «ቃሉን አሳምረህ ታውቀዋለህ። ከእናትህ ስልክ ለፖሊስ የላክኸውም ያቺን ቃል ብቻ ቆርጠህ ነው። የቀረውን ለምን ደበቅኸው? እትዬ፣ ሙሉው አለዎት?»

«እማዬ አጥፍታዋለች!»

ኤልዳድ አጥፊው ብሎ ሲለምናት ዘርትሁን እሺ ብላው ነበር፤ የወንድሟን ድምፅ ማጥፋት ግን አልሆነላትም። ጨርሳም ሰምታው አታውቅም። ሳቁ ላይ ስትደርስ ትዘጋዋለች። «ጨርሼ አልሰማሁትም» ብላ ስልኩን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ለሐዳሳ ሰጠቻት።

«ዘርዬ! እንድሪያስ ገደለኝ!» ነጋሽ ይንከተከታል። «በሳቅ ፈጀኝ እኮ! አሁን ነው የሄደው። ቆይ… ኤልዳድ መጣ። ይሄ ልጅ ደግሞ ጠጥቷል። የመኪናውን ቁልፍ ልቀበለውና እደውላለሁ።»

«እንድሪያስ ሲሄድ ነጋሽ በሕይወት ነበር» አለች ሐዳሳ። «ከሱ በኋላ የመጣኸው አንተ ነህ።»

ኤልዳድ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። «ቁልፌን ነጠቀኝ… ገፋሁት። እማዬ፣ እንዲሞት አልፈለግኩም።»

«ለምን ጨርሰው አልሰሙትም፣ እትዬ?»

«ሳቁ ያስለቅሰኛል፣ ልጄ።»

ለሰው እንዲህ አለች። ለእግዜር ግን ይህን ልትለው አፈረች፤ በቀብሩ ዕለት ልጇ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ቀና ብሎ ማየት ሲያቅተው አይታ፣ የቀረውን መስማት ፈርታ ነበር። ዘርትሁን ከሐሴት እግር ሥር ተደፋች።

«ሰላምታ እንኳ ነፈግኩሽ፣ ሐሴቴ።»

ሐሴት አላነሣቻትም። ወደ ሐዳሳ ዞረች።

«እንደገና ክፈቺው» አለች። «ከሳቁ ጀምረሽ።»