ካምፎር የሌለው ዘይት

አቤት ያ ቤት እንዴት ይሞቅ ነበር! ክሪሽናናጋር ውስጥ፣ ከጃላንጊ ወንዝ ወዲህ ባለች ጠባብ መንገድ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መድኃኒት አዋቂ ተቀምጧል። በፊተኛው በር ኒባራን ሆሚዮፓቲ የሚሉትን ሕክምና ይዞ፣ ጠርሙሶቹን ደርድሮ መድኃኒት ጠብ የተደረገባቸውን ነጫጭ የስኳር ፍሬዎች ይቆጥራል፤ በጓሮው በር ወጌሻዋ ታናሽ እህቱ ሱርባላ አራስና ወገብ የያዘውን ሁሉ በሰናፍጭ ዘይት ታሻለች። አባትና እናታቸውን ኮሌራ በአንድ ሰሞን ሲነጥቃቸው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። እናትም እሱ፣ አባትም እሱ! ታዲያ በየዓመቱ የወንድሞች ቀን ሲመጣ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሞት ደጁን እንዳይረግጥ በግራ እጇ ትንሽ ጣት ግንባሩ ላይ በውሃ ከተፈጨ የሰንደል እንጨት ነጥብ ታደርግለታለች። እሱ ደግሞ በቀኝ እጁ የወተት ጣፋጭ ያጎርሳታል።

ይህን ደስታ ያደፈረሰው ማን መሰላችሁ? ሽታ! ሱርባላ ዘይቷን በነጭ ሽንኩርት አፍልታ ካምፎር የሚሉትን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነጭ ሙጫ ትጨምርበታለች። በሆሚዮፓቲ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ካምፎር የሸተተው መድኃኒት አለቀለት፣ ሞተ። እውነት ይሁን አይሁን ፈጣሪ ይወቀው። አንድ ቀን አንዱ በሽተኛ ሳሉ አልለቅ ብሎት ሲያጉረመርም የኒባራን ደም ፈላ፤ ጓሮ ዘልቆ የዘይቱን ድስት ቦይ ውስጥ ደፋው።

«መድኃኒቴን ገደልሽው፣ አንቺ ልጅ!»

«መቼ ነፍስ ነበረው? ስኳር አይደል እንዴ!» አለችው፣ ያውም በበሽተኞቹ ፊት።

ወይ ክፉ ቀን! ሱርባላ በዚያው ዕለት፣ አብሯቸው ይኖር የነበረውን ባሏን ይዛ ወንዙን ተሻግራ ማዶ ገባች። ክረምቱ ሳይወጣ ባሏን ንዳድ ገደለው። ኒባራን ሬሳው ወደሚቃጠልበት የወንዝ ዳርቻ መጣ፤ ግን ከሩቅ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ምናለ አንድ እርምጃ ቢጠጋ? ምናለ እሷስ ብትጠራው? ዓመታት እንዲሁ ነጎዱ። የወንድሞች ቀን ሲመጣ ግን ሱርባላ ጾማ ትውላለች፤ ወንድሟ የራቀባት እህት እንደምታደርገው ሰንደሉን ግድግዳው ላይ ትነካና ታለቅሳለች።

አንድ ጠዋት የኒባራን ልጅ ሺውሊ ከጀልባ ወርዳ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ አባዬን ስትሮክ ጣለው! ሆስፒታሉ ነፍሱን አትርፎታል፣ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ እጁን እንዲያሠራ፣ መታሸትም እንደሚያግዘው ነግረውታል። እሱ እንደሁ ማንም አይነካኝ ብሏል…»

«ያ እጅ? ያጎረሰኝ እጅ?» አለችና ሱርባላ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

ወዲያው ተነሥታ ዘይት ጣደች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ካምፎሩ ሄደ… ተመለሰ። ድስቱን በአመድ ፈትጋ አጥባ፣ ሽንኩርትም ካምፎርም የሌለው ዘይት አፍልታ ወንዙን ተሻገረች።

ኒባራን አፉ ጠመም ብሎ ተኝቷል። ሱርባላ እግሩን ነክታ ሰገደች፤ ያን ቀዝቃዛ እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ካምፎሩስ?» አለ በተሳሰረ ምላስ።

«ተውኩት ጋሼ። መድኃኒትህ እንዳይሞት።»

የወንድሟ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፤ ባዶ ነው!

«ትናንት ጠርሙሶቹን ሁሉ ለጎረቤት አሰጠኝ» አለች ሺውሊ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «‹ሱርባላ ትመጣለች፣ ካምፎሯን እንደ ልቧ ትጨምር› ብሎ።»

«ስኳር አይደል… ብለሽኝ የለ» አለ ኒባራን።

«አፌን ይቁረጠው!» ብላ ደረቱ ላይ ተደፋች። ሦስቱም ተላቀሱ፤ ሳቃቸውንም መያዝ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲያ የሆስፒታሉ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ጠዋት የፊዚዮቴራፒው እንቅስቃሴ፣ ማታ የሱርባላ ዘይት ሆነ። ጠርሙሶቹም ተመለሱ፤ ኒባራን ያለ እነሱ ቤቱ ቤት አይመስለውም። ሱርባላም ወደ ጓሮ በሯ ተመለሰች፤ ካምፎሩ እዚያው ጓሮ ቀረ።

የወንድሞች ቀን ደረሰ፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ግቢውን ሞላ። ሱርባላ እንደ ጾመች ቀርባ ነጥቡን ግንባሩ ላይ አደረገች። ኒባራን ጣፋጩን በግራ እጁ አነሣና መለሰው፤ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ያዙ፣ ተነሡ… ጣፋጩ አፍንጫዋ ላይ ተለጠፈ።

«አፌ እዚህ ነው፣ ጋሼ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ ሞከረ፤ አጎረሳት።

«ያን ሁሉ ዓመት ነጥቡን ግድግዳ ላይ ነበር የማደርግልህ» አለችው እየተነፋረቀች።

ኒባራን ግንባሩ ላይ ያለውን ነጥብ በግራ እጁ ዳሰሰ።

«ለካ ለዚህ ነው ሞት ከደጄ የተመለሰው» አለ።

አይ ዕጣ ፈንታ! ስንቱን ወንድምና እህት በከንቱ ወዲያና ወዲህ ማዶ ታስቀምጫለሽ? እነዚህን እንኳ መልሰሻል፤ ተመስገን። ሱርባላ አፍንጫዋን በለበሰችው ሳሪ ጫፍ ጠርጋ አንድ ጣፋጭ አነሣችና፣ በተራዋ ወንድሟን አጎረሰችው።